ስስማት የከረምኩት ቋጠሮ

አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ከደብዳቤው በፊት አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ብነግራችሁ ይሻላል። ከጥቂት ወራት በፊት በዚሁ ገጽ ላይ ስለ ባለቤቴ የመጨረሻ ቋጠሮ ጽፌላችሁ ነበር። ዓሣ ማጥመጃ ዘንጉ ላይ ወፍራሙን ክር ከቀጭኑ ናይለን ጋር የምታያይዝ፣ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ነገር ናት። «ጣቶቹ በዚህ ዓለም ከሠሩት ሥራ የመጨረሻዋ» ብዬ ነበር። ብዙዎቻችሁ አልቅሳችኋል፤ አንዷማ ደውላ እኔኑ መልሳ አስለቅሳኛለች። የጻፍኩት ስህተት ነው። ቋጠሮዋን የቋጠራት እሱ አይደለም፤ ሌላ ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመውጣቴ በፊት እየተንጠራራሁ ስስም የከረምኩት የሌላ ሴት የእጅ ሥራ ነው። ማረሚያውን ለእናንተ ከምጽፍ ለራሱ ብጽፍለት ቀለለኝ። እናንተም አብራችሁ አንብቡት፤ ከእናንተ የምደብቀው ነገር ድሮም የለኝ።

መስፌ፣ የኔ ዓለም፣

እንዴት ከረምክ አልልህም፤ አንተ ያለህበት ሰላም እንደሆነ ፓስተራችን ደጋግመው ነግረውኛል። የእኛን ልንገርህ። ከተለየኸን አሥራ አንድ ወር ሞላ። ሰዎች «ጊዜው እንዴት ይሮጣል!» ይሉኛል። የእነሱ ይሆናል የሚሮጠው።

ሜላት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባች። ቁመቷ እኔን አልፎ አንተ ጋ ደርሷል፤ ሸሚዞችህን እጅጌያቸውን እየጠቀለለች ትለብሳለች፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ከኋላችን ያሉት ሰውዬ ሦስተኛ ፎቅ ቀጥለው የበረንዳችንን የጠዋት ፀሐይ ወሰዱት። አንተ ብትኖር «ተያቸው ባክሽ» ትል ነበር። እኔ አልተውኳቸውም፤ ግን ፀሐዩም አልተመለሰም። መኪናህን አሁን የምነዳት እኔ ነኝ። ከሲኤምሲ ቦሌ ደርሼ ያለ ምንም ጭረት እመለሳለሁ፤ የቀኙን በር ካልቆጠርነው። የቦሌን መንገድ ብታየው አታውቀውም፤ የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ፣ የብስክሌት መንገድ ተቀብቶ፣ አንተ ሁልጊዜ በስህተት የምትታጠፍባት መታጠፊያ ራሷ ጠፍታለች። አሁን ብትሳሳት እንኳ የምትሳሳትበት የለህም።

ዘንግህ ኮሪደሩ ላይ፣ በሁለቱ ምስማሮች ላይ እንዳስቀመጥከው አለ። ለጥቅምቱ የዓሣ ማጥመድ ጉዞ አዘጋጅተህ፣ ክሩን አስገብተህ፣ ቀጭኑን ናይለን አያይዘህ ሰቀልከው። ጉዞው ሳይደርስ አንተ ሄድክ። ሌላውን ዕቃህን ሁሉ በሁለት ወር ውስጥ ሰብስቤያለሁ፤ ያንን ግን ማን ይንካው? በተለይ ቋጠሮዋን። ብርቱካንማው ክር የሚያልቅበት፣ ናይለኑ አምስት ጊዜ ዙሪያውን የተጠመጠመባት፣ ላይዋ በጥፍር ቀለም የተቀባች። ያ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ከመሳቢያዬ የሰረቅከኝ ነው ብዬ ስንቱን ሰው አስቄበታለሁ! በሴቶች ኅብረት ላይ ሳይቀር መስክሬበታለሁ።

እውነቱን ለመናገር ያንን ዘንግ ድሮ አልወደውም ነበር። የአርባ ምንጭ ልጅ ሆነህ፣ ዓሣ በመረብ ሲወጣ እያየህ አድገህ፣ አንድ ፈረንጅ አሠልጣኝ አውሮፕላን የምትጠግኑበት ሃንጋር መጥቶ ከላባ በተሠራች ዝንብ ዓሣ ማታለል ካስተማረህ በኋላ ሰው መሆንህ ቀረ። በዓመት ሁለት ሦስቴ ወደ ባሌ ተራሮች! ግማሽ ቀን ነድተህ፣ እስከ ጉልበትህ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ቆመህ፣ ትራውት የሚሉትን ዓሣ ትይዝና መልሰህ ትለቀዋለህ። ለዓሣ ሰላም ለማለት ዲንሾ ድረስ የሚሄድ ባል ያላት ሴት በሰፈሩ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ይዘኸኝ ሄደህ መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሼ ዋልኩ። ከሩቅ ሳይህ ፊትህ ላይ የነበረውን ደስታ አየሁ። እኔን እንዲያ አይተኸኝ ታውቃለህ? ለዓሣ ቀናሁ እልሃለሁ። እንግዲህ ቅናቴ የጀመረው ከዚያ ነው፤ አሁን ለምነግርህ ልምድ ነበረኝ።

ያለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሥራ ባልደረባህ ሶስና መጣች። ስሟን ከአንተ አፍ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ «ሶሲ እኮ እንዲህ አለች፣ ሶሲ እኮ የሞተሩን እንትን አገኘችው»። በአካል ያየኋት ግን ሁለት ጊዜ ነው፤ በሠርጓ ቀንና በቀብርህ ቀን። በቀብሩ ላይ ከእኔ በላይ ያለቀሰች መስሎኝ ታዝቤያት ነበር። ይቅር ይበለኝ፤ ሰው እንባ ላይ ይለካካል?

ጁስ አቀረብኩላት። እሷም ብርጭቆውን ይዛ «እትዬ ኤልሳ» አለችኝ። እትዬ! በአሥር ዓመት ብበልጣት ነው። «እትዬ ኤልሳ፣ እኛ የክፍሉ ልጆች ጥቅምት ላይ ጋሽ መስፍን ዓመት ሲሞላቸው ዲንሾ ልንሄድ አስበናል። ዘንጋቸውን ቢያውሱን ብለን ነው። አንድ ሰው በእሳቸው ዘንግ አንዴ ቢወረውር።»

«አንዱ ሰው ማነው?» አልኳት።

«እኔ ብሆን ደስ ይለኛል» አለች፤ ዓይኗን እንኳን ሳትሰብር።

እሺም እንቢም ሳልል ወደ ኮሪደሩ ወሰድኳት። ልታየው ቀረብ አለች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች፤ «ውይ! ቋጠሮዬ! እስካሁን አልተቆረጠችም እንዴ?»

ቋጠሮዬ፣ አለች መስፌ። መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። «ምን አልሽ?» ስላት ፊቴን አይታ ሳቋ ቆመ። «እኔ እኮ ነኝ ያሰርኩላቸው። መስከረም ላይ፣ ሥልጠና ክፍል ይዘውት መጥተው። እጃቸው እኮ… አልነገሩዎትም እንዴ?»

ምን አልነገርከኝም? የልብህ መድኃኒት እጅህን ያንቀጠቅጠው እንደነበር አልነገርከኝም። ቀጭኑን ናይለን ቋጠሮው በሚሠራበት የእስክሪብቶ ቀለም ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ እንዳቃተህ አልነገርከኝም። ሦስት ቀን በምሳ ሰዓት ሞክረህ፣ በአራተኛው ቀን «ሶሲ፣ ነይ እስቲ ይቺን ጨርሺልኝ» እንዳልካት አልነገርከኝም። እሷ ግን ታውቃለች።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ «ምሳ ልሠራ ነው» ብዬ ሸኘኋት።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ብታይ ትስቅብኝ ነበር። ከመሣሪያ ሳጥንህ አጉሊ መነጽርህን አውጥቼ ወንበር ላይ ቆምኩ። ሌሎቹን አሮጌ ቋጠሮዎችህን፣ በትርፉ የክር መጠምጠሚያ ላይ ያሉትን፣ አንድ በአንድ አየሁ። የአንተ ጥምጥሞች ሁሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። ይቺ ወደ ግራ። ሶስና ግራኝ ናት፤ ጁሱን በግራ እጇ ይዛ እንደነበር ትዝ አለኝ። የጥፍር ቀለሞቼን በሙሉ አልጋ ላይ ደርድሬ ከሮዙ ጋር አስተያየሁ። አንዱም እሱን አይመስልም። አሥር ወር ሙሉ የሳምኩት የእሷን የጥፍር ቀለም ነው።

ሜላት በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆይታ «እማ፣ ሲሪየስሊ፣ በቋጠሮ ነው የምትቀኚው?» አለችኝ።

በቋጠሮ አይደለም። ለልጅህ መመለስ ስላልቻልኩ ለአንተ ልመልስልህ። ቋጠሮውን እኮ ልታስተምረኝ ፈልገህ ነበር፤ ያንን አልክድም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረንዳው ላይ፣ ያኔ ፀሐይ ነበረን፣ «ነይ እስቲ ጣቶችሽ ቀጫጭን ናቸው፣ ለዚህ ይሆናሉ» አልከኝ። እኔ ጥፍሬን እየቀባሁ ነበር። «አሁን እርጥብ ነው፣ ለሜላት አሳያት» አልኩህ። ደግመህ አልጠየቅከኝም። እንግዲህ በጣቶቼ ቦታ ሌላ ጣት ቢተካ የማንም ጥፋት አይደለም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሌላ ሴት ጋ ሄደህ ቢሆን የምሰድብህን ስድብ አውቀው ነበር፤ ሃያ ዓመት ስለሰው ትዳር ጽፌ ስድብ አጥቼ? አንተ ግን የወሰድክላት የሚንቀጠቀጥ እጅህን ነው። ለእኔ ጤነኛውን እጅ አመጣህልኝ፤ ኪስህ ውስጥ የተደበቀውን፣ ከጠረጴዛው በታች ያለውን። «ሻይ ግማሽ ብቻ ቅጂልኝ» ስትለኝ ሆድህን ያመመህ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንዳይፈስብህ ነው። ሜላትን የእጅጌህን ቁልፍ እንድትቆልፍልህ ስትጠራት «አባትና ልጅ ሲዋደዱ» ብዬ ፎቶ አንስቻለሁ። ፎቶው አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። እጅህ ደብዝዟል፤ ካሜራዬ ነው ብዬ ነበር።

ድካምህን ለእሷ፣ ጉብዝናህን ለእኔ! ማን ነው ሚስት?

ሁለት ሳምንት ተቆጣሁህ። የቦሌ ቢሮዬ ውስጥ ዓምዴን መጻፍ አቅቶኝ ስለ ፀጉር መሳሳት ጻፍኩ። በሦስተኛው ሳምንት ራሴው ለሶስና ደወልኩላት። ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት ካፌዎች በአንዱ፣ ከሥራ ስትወጣ ተገናኘን። የሥራ ቱታዋን አልቀየረችም፤ ጥፍሯም አልተቀባም። ዓይኔ ጥፍሯ ላይ ማረፉን አይታ «ሃንጋር ውስጥ አንቀባም» አለች። «ቀለሙ የእህቴ ነበር፤ ቋጠሮው በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ ሳያዝ እንዲያልፍ ነው የሚቀባው፤ ጋሽ መስፍን ናቸው አምጪ ያሉኝ።» እንግዲህ አንዱ ነገር ቀለለኝ። የእህቷን ቀለም መሳም ከእሷ ቀለም ይሻላል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «ለምን አንቺ?»

ማኪያቶዋን እያማሰለች «እኔም እኮ ይህንኑ ነበር እሳቸውን ልጠይቅ የምፈልገው» አለች። «ለምን እርስዎ?»

አልገባኝም። አስረዳችኝ። የሃንጋራችሁን ሕግ አንተ አንድም ቀን አልነገርከኝም፤ ወይ ነግረኸኝ አልሰማሁህም። ከባድ የሆነ ሥራ የሠራ ሰው የራሱን ሥራ ራሱ አይፈትሽም። ሌላ ዓይን፣ ሌላ እጅ ያየዋል፤ ከዚያ ነው አውሮፕላኑ የሚወጣው። «እሳቸው ይህንን ቋጠሮ ላይም አምጥተውት ነበር» አለችኝ። «አሥር ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ቋጥሬ ስጨርስ እኔ ልሳበው፣ ልፈትሸው እላለሁ። ‹የለም የለም፣ አንቺ ሠርተሽ አንቺ ታሳልፊያለሽ? ይሄ ቤት ሄዶ ይፈተሻል› ይሉኛል። ራሳቸው የቋጠሩትንም እንደዚያው፤ ሳይፈተሽ ወንዝ አይወርድም። በማግስቱ ሲመጡ ‹አለፈ› ይላሉ። እኔ በየጊዜው ፈታሿ ማን ናት እያልኩ ስቀና ነው የኖርኩት። የክፍሉ ልጆች እስከዛሬ ይቀልዱብኛል።»

መስፌ፣ እዚያ ካፌ ውስጥ ጆሮዬ ጋለ። ምክንያቱም ትዝ አለኝ። አዎ፣ አንተ አንዳንድ ቀን ብርቱካንማውን ክር መዳፍህ ላይ ጠምጥመህ፣ የናይለኑን ጫፍ ለእኔ ሰጥተህ «ሳቢልኝ» ትለኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ በር እጀታ የተጠቀምክብኝ መስሎኝ ነበር! በመስከረምም መጥተህ ነበር። ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ከአዘጋጁ ጋር ስለ አንዲት ዘፋኝ ፍቺ እያወራን። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ በአንድ እጄ ሳብኩልህ።

«በሁለት እጅሽ፣ ነፍሴ» አልከኝ።

«ይበቃሃል» አልኩህ።

አንተ ግን ቋጠሮዋን አይተህ «አለፈ» አልክ። ስለምን እንደምትናገር እንኳን አልጠየቅኩህም።

አሁን ይህንን አምናለሁ ወይስ ሶስና ባሏ ለሞተባት ሴት የምትሰጠው ማጽናኛ ነው? ሐቁን ልንገርህ፤ ግማሹን አምኛለሁ። ግማሹን አሁንም አላመንኩም። አንድ ነገር ብቻ ግን ከእሷ መውሰድ ነበረብኝ፤ ሌላ ማንም ሊሰጠኝ የማይችለውን።

«እንዴት ነበር የሚንቀጠቀጠው?» አልኳት። «እጁ። አሳዪኝ።»

«እትዬ ኤልሳ፣ ይቅር…»

«እትዬ አትበይኝ። አሳዪኝ።»

ዙሪያዋን አየች። ካፌው ሞልቶ ነበር፤ አጠገባችን ኮምፒዩተር የከፈቱ ወጣቶች እየጮኹ ያወራሉ። ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጣቶቿን በጥቂቱ አጠፍ አደረገችና ቀስ ብላ ታንቀጠቅጠው ጀመር። እንደ ብርድ አይደለም። አውራ ጣቱ ብቻውን ይጀምርና ሌሎቹ ይከተሉታል፤ ትንሽ ይቆማል፤ እንደገና ይጀምራል። ምንኛ በደንብ ነው ያጠናችህ! ያንን ሳይ በቅናት ልፈነዳ ነበር። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ሳላስበው እጇን በሁለት እጄ ያዝኩት። እሷም ማንቀጥቀጧን አላቆመችም። አስተናጋጇ ሒሳብ ልታመጣ መጥታ አይታን ተመለሰች።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ቤት ይዣት ሄድኩ። ዘንግህን ከምስማሮቹ ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሶስና ናይለኑን በጣቷ አሽታ «ይሄ አርጅቷል፤ ትራውቱ ገና ሲነካው ነው የሚበጠሰው። መቆረጥ አለበት» አለች። «እኔ ልቁረጠው?» አልፈቀድኩላትም። በጥፍር መቁረጫዬ ቆረጥኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ሜላት «እማ፣ ጣትሽን እንዳትቆርጪ!» እያለች ትጮህ ነበር። የወደቀችውን ቋጠሮ ሶስና አንስታ ሰጠችኝ። «ይዘሻት ሂጂ» አልኳት፤ «ያንቺ ናት»። አልወሰደችም። እኔም አልጣልኳት።

አዲሱን እኔ ነኝ የማስረው። ይህንን ነግሬያታለሁ። «እሺ» ብላ አስተማረችኝ። የእስክሪብቶውን ቱቦ ከክሩ ጎን ታስተኚያለሽ፤ ናይለኑን አምስት ጊዜ በሁለቱም ላይ ትጠመጥሚያለሽ፤ ጫፉን በቱቦው ውስጥ መልሰሽ ታሳልፊያለሽ፤ ቱቦውን ቀስ ብለሽ ታወጫለሽ፤ በምራቅሽ ታረጥቢያለሽ፤ ትስቢያለሽ። ሲነገር እንዴት ይቀላል! ቱቦውን ሳወጣ ጥምጥሞቹ በሙሉ እንደ ፀጉር ይበታተናሉ። እሷ በግራ እጇ፣ ወሬ እያወራች፣ በሁለት ደቂቃ ትጨርሳለች። ጣቶቿን ሳያቸው ልነክሳቸው ይቃጣኛል። «ጋሽ መስፍን እኮ በስድስት ወር ነው ያስተማሩኝ» ብላ ታጽናናኛለች፤ ስድስት ወር ከአንተ ጋር እንደቆየች ደግሞ እግረ መንገዷን ትነግረኛለች።

ሦስት ቅዳሜ ሆነን። እኔ አስራለሁ፤ እሷ ትስባለች። መጀመሪያ ቀን ሳትስበው ተፈታ። ሁለተኛው ቀን ስትስበው ተንሸራተተ። «አላለፈም» አለች፤ ድምፅዋን እንደ አንተ አወፍራ። ሜላት መሬት ላይ ተንከባላ ሳቀች። እኔ ጥርሴን ነክሼ እንደገና ቱቦውን አነሳሁ። ባለፈው ቅዳሜ ያሰርኳት ወደ ቀኝ ያዘነበለች፣ ትንሽ የወፈረች፣ ቁመናዋ የማያምር ነገር ናት። ሶስና በሁለት እጇ ሳበችው። ጣቷ እስኪነጣ ድረስ ሳበችው። ያዘ። ያም ሆኖ «ለጊዜው አለፈ» ነው ያለችኝ። «ወንዙ ይፈትሸው።»

እንግዲህ የእኔ ዓለም፣ የምሄደው እኔ ነኝ። ጥቅምት ላይ፣ ውሃው ሲጠራ፣ ከሶስናና ከክፍሉ ልጆች ጋር ዲንሾ እወርዳለሁ። በዘንግህ የመጀመሪያውን ውርወራ እኔ እወረውራለሁ፤ ሁለተኛውን እሷ። ይህን የተስማማነው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው፤ ዝርዝሩን ተወው። እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ መግባቴን ሜላት ቪዲዮ ትቀርጻለች፤ ልታሾፍብኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

አልረሳህም። የሚያውቁህ ሁሉ የሚያስታውሱትን፣ ሳቅህንና ሽክ ያለ አለባበስህን፣ ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ። እኔ የምይዘው ያላሳየኸኝን እጅ ነው። አውራ ጣቱ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ፣ ትንሽ ይቆማል። ጠዋት ጠዋት ሻዬን ስቀዳ በራሴ እጅ እሞክረዋለሁ፤ እየተለማመድኩት ነው።

ወንዙ ዳር የሆነውን ከአንባቢዎቼም ቀድሜ ለአንተ እጽፍልሃለሁ። ቋጠሮዬ ከተፈታች ሳላሳምር እነግርሃለሁ። ዓሣው ከመጣም፣ እሺ፣ እንደ ፈቃድህ እለቀዋለሁ። እሷ ቀድማኝ ከያዘችም እጽፍልሃለሁ። አንድ ሁለት ቀን ቆይቼ ነው እንጂ እጽፍልሃለሁ።

ያንተው ኤልሲ